ክር ተበጠሰ፣ ሦስት ቀን

ሁልጊዜ ጠዋት ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከሚሌ ወጣ ብሎ ባለው የጥላ ፋብሪካ ውስጥ መቶ ሺህ ቀኖች ይወለዳሉ። ይመር ፊቱን ታጥቦ፣ ጺሙን ተላጭቶ ሻይ እስኪያፈላ ድረስ አንዱ ብቻ ሲቀር የቀሩት ሁሉ ሞተው ያልቃሉ። ለይመር ይህ ዶሮ ጮኸ እንደ ማለት ነበር፤ ሰምቶት ወደ ሥራው ይሄዳል።

ፋብሪካው የሚሠራው ጥላ ነው። ፀሐይ እንደ ድሮው ባልሆነችበት በዚያ ዘመን እርሻውም፣ መንገዱም፣ የትምህርት ቤቱም ግቢ ከላዩ ጨርቅ ካልተወጠረለት ሰው አይውልበትም። ጨርቁ ግን አይሸመንም። እንደ እርጎ በሰፋፊ ትሪዎች ላይ ይረጋል፣ በምድጃ ይደርቃል፣ ይጠቀለላል። ክር የሚባል ነገር ከግቢው ከጠፋ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖታል።

የሚወለዱትም ቀኖች ሊዋሉ የሚችሉ ቀኖች ናቸው እንጂ የተዋሉ አይደሉም። የትኛው ማሽን በስንት ሰዓት ይነሣ፣ የማን ትእዛዝ ይቅደም፣ የትኛው ምድጃ ይረፍ የሚለውን ከጠዋት እስከ ማታ የሚደለድል አንድ ዕቅድ በፋብሪካው ቋንቋ «ውሎ» ይባላል። ሃያ ሦስት ማሽንና ስድሳ ትእዛዝ የሚደለደሉበት መንገድ ከአፋር አሸዋ ስለሚበዛ፣ ተቀምጦ አንድ በአንድ የሚቆጥረው ፍጡር የለም። ስለዚህ «አዋላጅ» የሚሏት ማሽን መቶ ሺህ ውሎ በአንድ ጊዜ ትፈለፍላለች። ጨርቅ የሚያበዛውንና ኃይል የሚቆጥበውን ታስቀራለች፣ ሌላውን ትገድላለች፤ ከተረፉት ደግሞ የአንዱን ጠዋት ከሌላው ከሰዓት ጋር ቀጥላ ልጅ ታስወልዳለች። አልፎ አልፎ አንዲት ነገር ሆን ብላ ታሳስታለች፤ ከስሕተትም ደኅና ነገር ይገኛልና። አራት መቶ ትውልድ እንዲህ ካለፈ በኋላ አንድ አሸናፊ ይቀራል፤ የዛሬው አሸናፊ የነገዎቹ ወላጅ ይሆናል። ባለሙያዎቹ ይህን ዘዴ «ዘረ ስሌት» ይሉታል። ይመር «የአዋላጅ ምጥ» ነበር የሚለው።

ማሽኖቹ ያለ ሰው ይሠራሉ። አንድ ሕግ ብቻ አልተሻረም፤ የሰው እጅ ሳይዳስሰው ጥላ ከግቢ አይወጣም። ያ እጅ የይመር ነው። በረጅሙ የመዳሰሻ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ የሚያልፈውን ጨርቅ በመዳፉ ይሰማዋል፤ የሳሳውን፣ ያበጠውን፣ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ያለበትን ይለያል። ጠረጴዛው ደግሞ በበኩሉ የእርሱን እጅ ይመዘግባል፤ የት እንደቆመ፣ ስንት እንደቆየ፣ ምን እንደጣለ።

ብቻውን ከቀረ ስድስት ዓመቱ ነው። ፋብሪካው ሸራ በሚሸምንበት ዘመን ሦስት መቶ ሰው ይሠራበት ነበር። ያኔ ጫጫታው ራስ ያዞራል፤ የሰው ወሬ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ካልሆነ የማይሰማ የሚመስላቸው ሴቶች ነበሩ። አሁን ይመር ማሽኖቹን የሚጠራቸው ድሮ በዚያ ቦታ ይቆሙ በነበሩት ሰዎች ስም ነው። «እትዬ በለጡ፣ እንዴት አደሩ?» ይላል ሰባተኛዋን ሲያልፍ። «ጀማነሽ፣ ደኅና ነሽ?» ይላል አሥራ አራተኛዋን። እብደት እንዳይመስልበት ድምፁን ቀነስ ያደርጋል፤ የሚሰማው ሰው ባይኖርም።

ሰኞ ጠዋት ዳቦ እየቆረሰ ሳለ ከእህቱ ልጅ ከኑሩ መልእክት ደረሰው። «አጎቴ፣ እማዬ ሌሊት አርፋለች። ቀብሯ ዛሬ ነው።»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ሲሆን ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ደጅ ይቆማል። ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ቀድሞ ይዘጋጃል። ይመር ግን በአንድ እጁ ቢላዋ፣ በአንድ እጁ ዳቦ እንደያዘ ነው የሰማው። ዳቦውን አስቀመጠ። «ኢና ሊላሂ» አለና ቀሪውን መጨረስ አቃተው። ሐዋ እህቱ ብቻ አልነበረችም። እናታቸው የሞተች ጊዜ እርሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እርሷ ናት።

ቀብሩ ላይ ሊደርስ አይችልም ነበር፤ ወረባቦ ሩቅ ነው። ለቅሶው ላይ ልድረስ ቢል ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቀው ተተኪ እንዲመደብ ከዐሥር ቀን በፊት ነው። ሞት ዐሥር ቀን ቀድሞ ማመልከቻ አያስገባም። በዚያ ላይ ለአውሳ ትምህርት ቤቶች የታዘዘው አርባ ሺህ ሜትር ጥላ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ መድረስ አለበት፤ ያለበለዚያ ልጆቹ ትምህርት የሚጀምሩት ጠራራ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነው። በእኔ ሐዘን የሰው ልጅ ለምን ይቃጠላል አለ። አዲስ አበባ ላሉት አለቆቹም ደውሎ እህቴ ሞተችብኝ ማለት አሳፈረው፤ ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን በማያውቃቸው ሰዎች ፊት እንዴት ይለቀሳል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ።

ሰኞንና ማክሰኞን እንዲያ ዋለ። እጁ ጨርቁ ላይ ነበር፤ ልቡ ወረባቦ። እንባ እንኳ አልመጣለትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የይመር እንባ ግን አብሮ የሚያለቅስ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ደረቱ ላይ ተገትሮ ቀረ።

ረቡዕ ጠዋት ሻዩን ይዞ የዕለቱን ውሎ ለማየት ሰሌዳው ፊት ቆመ። ሃያ ሦስቱ ማሽኖች ተደልድለዋል። ከሥራቸው፣ የመዳሰሻ ጠረጴዛው መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦

«ቆሟል። ምክንያት፦ ክር ተበጠሰ። የሚፈጀው ጊዜ፦ ሦስት ቀን።»

ይመር ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ። ምን ሊያገኝ እንደፈለገ እርሱም አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ተደወለ። ኢንጂነር ራኬብ ነበረች፣ የሰባት ፋብሪካ ውሎዎችን ከሩቅ የምትጠብቅ ወጣት ሴት። ድምፅዋን ካወቀው ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስለ ምድጃ ሙቀት ካልሆነ ስለ ሌላ ነገር ግን አውርተው አያውቁም።

«ጋሼ ይመር፣ እንዴት አደሩ? የመጣልዎትን ውሎ አይተውታል?»

«አየሁት ልጄ።»

«እዚያ ግቢ ውስጥ ክር የሚባል ነገር አለ እንዴ?»

«ካለ ሸሚዜ ላይ ነው።»

ራኬብ ሳቀችና ወዲያው ኮስተር አለች። «አዋላጅ ታማለች ማለት ነው። ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ዛሬውኑ ካላወቅን የዘሩን መዝገብ በሙሉ ያጠፉትና ከሌላ ፋብሪካ የተራባ ውሎ ይጭኑባታል። መዝገቡ ደግሞ እዚያው ነው፣ ከመረብ አልተገናኘም። እርስዎ እየከፈቱ ቢያነቡልኝ?»

ይመር ወደ አዋላጅ ክፍል ገባ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲገባ ሁልጊዜ መስጊድ የገባ ይመስል ጫማውን ማውለቅ ይቃጣዋል። ሰሌዳውን ከፈተ፤ ያችን አንዲት መስመር ነክቶ «ከማን ወረስሽው?» የሚለውን ተጫነ። አዋላጅ ወላጁን አሳየችው፣ የትላንቱን አሸናፊ። ያም ያችን መስመር ተሸክሟል፤ ግን አልሠራበትም። እንደገና ተጫነ። አያቱም አለው። ቅድመ አያቱም አለው።

«በሁሉም ውስጥ አለ» አለ ይመር። «ተኝቶ ነው የኖረው።»

«ወደ ኋላ ይዝለሉ። በዓመት በዓመት ይሂዱ።»

ዘለለ። ብቻውን የቀረበትን ዓመት አለፈ። ፋብሪካው ሁለተኛ የተስፋፋበትን፣ ምድጃዎቹ የተቀየሩበትን ዓመት አለፈ። ማሽኖች መጡ፣ ሄዱ፤ ትእዛዞች ተረሱ፤ በየጠዋቱ መቶ ሺህ ቀን እየሞተ ሃያ አንድ ዓመት ሲያልፍ ያቺ መስመር ከአባት ወደ ልጅ ስትተላለፍ ኖራለች። በመጨረሻ ወላጅ የሌለው ውሎ ላይ ደረሰ። ማሽን ያልወለደው፣ ሰው የጻፈው ነበር። አዋላጅ ስትተከል ከምን ትጀምር ሲባል ያለፉት ዐሥር ዓመታት የሽመና መዝገብ እንደ ዘር ተሰጥቷታል። ይመር ፊት ያለው የዚያ መዝገብ አንድ ገጽ ነው፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ወደ ግራ ዘመም ባለ ጽሑፍ።

«አሥራ አራተኛ መሸመኛ። ክር ተበጠሰ። ሦስት ቀን።»

ጽሑፉን ዐወቀው። የእትዬ በለጡ እጅ ነው።

«ጋሼ ይመር? አሉ?»

«አለሁ።»

«ምን አገኙ?»

ይህን ነገር ለአለቃ መናገር ድሮ ክልክል ነበር። ሦስት መቶ ሰው ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይወጣው የጠበቀው ምስጢር ነው። ግን ከሦስት መቶው ማን ቀረ? እትዬ በለጡ ራሷ ደሴ ላይ ሞታለች፤ እርሱም መሞቷን የሰማው ከአርባዋ በኋላ ነበር። ምስጢሩን አብሮት የሚጠብቅ ሰው የለም።

«ያን ጊዜ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለኮንትራት ሠራተኛ የሐዘን ፈቃድ አይሰጥም ነበር። ለቅሶ ሄዶ የቀረ ሰው በማግሥቱ ሌላ ሰው ቦታው ላይ ቆሞ ያገኛል። የጀማነሽ እናት የሞተች ዕለት እትዬ በለጡ፣ የፈረቃችን ኃላፊ ነበረች፣ ጀማነሽን በጓሮ በር አስወጣቻትና መዝገቡ ላይ ክር ተበጠሰ ብላ ጻፈች። ከዚያ ሁላችንንም ሰብስባ፣ ‹የጀማነሽን ሸራ ማን ይሸምንላታል?› አለች። አንዱ ሦስት ሜትር፣ አንዱ አራት ሜትር ከራሱ በላይ እየሠራ ኮታዋን ሞላንላት። የገጠሩን ወንፈል ነው ፋብሪካ ያስገባነው። ከዚያ በኋላ ሰው በሞተ ቁጥር ክር ይበጠሳል።»

ራኬብ የድሮውን መዝገብ ወደ ስልኩ ገልብጦ እንዲልክላት አደረገች። የሰሌዳ መነካካት ድምፅ ብቻ ይሰማል። «መዝገቡ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተበጥሷል» አለች።

«ሰዉ ብዙ ነበር፣ ዘመዱም ብዙ ነበር።»

«ግን የተበጠሰ ክር ለመቀጠል ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ደቂቃ። የሰነፈ ሰው አምስት።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሲባል እንዴት ማንም አልጠረጠረም?»

«ሸማኔ ቢያየው በሳቅ ይፈርስ ነበር» አለ ይመር። «ያዩት ኢንጂነሮች ናቸው።»

በዚህ ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ይመር የራሱን ሳቅ ሲሰማ ደነገጠ፤ ሐዋ አፈር ከገባች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ራኬብ ሥራዋን ቀጠለች። አንድ ነገር ከንክኗታል። «ይቺ መስመር ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አልነቃችም። ለምን ዛሬ?» ለራሷ ነበር የምታወራው። «የሚያነቃት ነገር መኖር አለበት። ማሽኖቹ አይደሉም፣ ሁሉም ደኅና ናቸው… ቆይ። የምታየው ማሽን አይደለም።» ድምፅዋ ዝግ አለ። «እጅ ነው የምታየው።»

ይመር ሁለቱን መዳፎቹን ተመለከተ።

«ከሰኞ ጀምሮ ሠላሳ አንድ ደኅና ጨርቅ ጥለዋል፤ ቀዳዳ ያለባቸው ዘጠኝ አሳልፈዋል። አንድ ቦታ ላይ እጅዎ አራት ደቂቃ ሙሉ ቆሟል። በድሮው መዝገብ የአንድ ሸማኔ ሥራ እንዲህ ከተበላሸ ቀጥሎ ሁልጊዜ ሦስት ቀን ክር ይበጠሳል፤ ከሦስቱ ቀን በኋላ ጨርቁ ይጠራል። አዋላጅ የተማረችው ይህን ነው።» ከዚያ ያለ ኢንጂነርነት፣ እንደ ልጅ ጠየቀችው። «ጋሼ ይመር፣ ማን ነው የሞተብዎት?»

ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር።

«ሐዋ» አለ። «ሐዋ እህቴ።» ቀጥሎ የወጣው ቃል አልነበረም። በቀዝቃዛው ክፍል ወለል ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ራኬብ ስልኩን አልዘጋችም፤ ይበርቱ፣ ይቻሉት የሚል ነገርም አልተናገረችም። እስኪወጣለት ድረስ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት አብራው ተቀመጠች። አንዳንዴ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«እግዜር ያጥናዎት» አለች ሲረጋጋ። «ነፍሷን ይማርልዎት። ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን እነግራለሁ ልጄ? ደግሞስ የአውሳ ልጆች ጨርቅ…»

«የአውሳው በሰዓቱ ይደርሳል። እርስዎ ሳያቆሙ የሚሠሩበት ውሎም ከመቶ ሺዎቹ አንዱ ነበር፤ ሞቷል። ያ ውሎ ትእዛዙን አራት ቀን ያዘገየዋል፣ የሚጣለውና የሚመለሰው ስለሚበዛ። የሚያቆሙበት ግን ልክ ቅዳሜ ያደርሰዋል። ሥራዎን ለሃያ ሦስቱም አከፋፍላዋለች። አንዱ ምድጃ ቀድሞ ይነሣል፣ አንዱ ትሪ ዘግይቶ ያድራል፤ ጨርቁ ለመዳሰስ እንዲቀልዎት በየዓይነቱ ተለይቶ ይጠብቅዎታል።»

ይመር አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አዘነችልኝ በይኛ።»

«አይ፣ ጋሼ» አለች ራኬብ በሐዘኔታ። «ልዋሽዎት አልፈልግም። ሐዘን የሚባል ነገር አታውቅም። ስለሚያዋጣ ነው።»

«እትዬ በለጡ ስታደርገው ግን ያዋጣል ብላ አልነበረም።»

ራኬብ የጉድለቱን ማኅደር ከፈተች።

ቀጥሎ የሚመጣውን ይመር ያውቀዋል። የጉድለቱ ማኅደር ዛሬ መዘጋት አለበት፤ ምክንያቱም መጻፍ አለበት። ሠራተኞች ዐሥር ዓመት በሐሰት የጻፉት መዝገብ ዘሩን በከለው ተብሎ ከተጻፈ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ መስመሮች እንደ አረም ተነቅለው ይጠፋሉ። ከእትዬ በለጡ እጅ በዚህ ምድር ላይ የቀረው ያ ብቻ ነው። ቢሆንም ይህችን ልጅ እንጀራዋን ሊያሳጣት አልፈለገም።

«እውነቱን ጻፊ ልጄ» አለ። «በእኔ የተነሣ አትዋሺ።»

ከወዲያ በኩል የሰሌዳ ድምፅ ተሰማ። ስትጽፍ ቆየች። ከዚያ የጻፈችውን ጮክ ብላ አነበበችለት።

«የመዳሰሻ ጠረጴዛ። ምክንያት፦ ክር ተበጠሰ። የሚፈጀው ጊዜ፦ ሦስት ቀን። መርማሪ፦ ራኬብ። አዋላጅ ጤነኛ ናት።»

«ልጄ፣ ፋብሪካው እኮ ክር የለውም። ሰው ቢያየውስ?»

«ማን ያየዋል?» አለች። «የሚያዩት ኢንጂነሮች ናቸው። ይልቅ አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎት።»

ይመር ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ እንደ ልማዱ በማሽኖቹ መካከል አለፈ። ሰባተኛዋ ከወትሮው ቀድማ ተነሥታ ትሪዋን ታፈስሳለች። አሥራ አራተኛዋም ምድጃዋን አግላ ጨርቅ ታደርቃለች። በዚህ ሰዓት ሥራ ላይ አይቷቸው አያውቅም። የእርሱን ኮታ እየሠሩ መሆናቸው ነው። «ጀማነሽ» አለ፣ በዚህ ጊዜ ድምፁን አልቀነሰም፤ «ብድሩን መለስሽ።»

ሾፌር የሌለው አውቶቡስ ባቲን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ይመር መስኮቱን ተደግፎ አሰበ። አዋላጅ የማያዋጣውን ሁሉ ገድላለች። ሸራውን፣ ክሩን፣ ፈረቃውን፣ ሦስት መቶውን ሰው ከውሎዋ አውጥታለች። ለአንድም ነገር አልራራችም። ከዚያ ሁሉ እልቂት ግን አንዲት የእትዬ በለጡ ውሸት ተርፋ፣ በትክክለኛው ቀን ነቅታ እርሱን ፈለገችው። ያዋጣል ብላ ይሁን፤ ያዋጣል የሚለውን ማን አስተማራት? ራኬብስ ምን ያዋጣታል? ይህን ሲያስብ እንባው እንደገና መጣ፤ አላበሰውም።

ወረባቦ የደረሰው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ኑሩ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት፤ እንደ አዲስ ተለቀሰ። ለቅሶው ጋብ ሲል አጠገቡ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ ልጄ። እኛማ ከዚያ በረሃ አይለቁትም ብለን ቆርጠን ነበር። ፈቃድ ሰጡህ?»

«ፈቃድ የለም፣ አባባ። የሥራ ጓደኞቼ ናቸው የሸፈኑልኝ።»

«አላህ ይስጣቸው! የተባረኩ ሰዎች ናቸው።» ሽማግሌው ደስ አላቸው። «ብቻህን ነህ ሲሉ ሰምቼ ሳዝንልህ ነበር። ስንት ናችሁ እዚያ?»

ይመር ሊመልስ አፉን ከፈተና ቆም አለ። ሃያ ሦስቱን ቆጠረ። ራኬብን ጨመረ። እትዬ በለጡ ላይ ሲደርስ ልዝለላት ወይስ ልቁጠራት ብሎ አመነታ፤ መዝለሉ አልሆነለትም። እርሷን ከቆጠረ ደግሞ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ ለጀማነሽ ሦስት ሜትር፣ አራት ሜትር የሸመኑት ሁሉ።

«ብዙ ነን፣ አባባ» አለ።